«የሰውዬው ጥፋት እግሩ ነው ወይ?» የአንድ ካርቱኒስት ኑዛዜ

ስሜን አልነግራችሁም። ስራዬን ግን ልንገራችሁ፤ የጋዜጣ ካርቱኒስት ነኝ። ይህን ስል አንዳንዱ «የልጆች ፊልም ነው?» ይለኛል፤ ሌላው ደግሞ «አደራ እኔን እንዳትስለኝ!» ብሎ ወንበሩን ፈቀቅ ያደርጋል።

ትውልዴ ሳንጃ ነው። ከጎንደር ወደ ሁመራ ሲወረድ የምትገኝ፣ ሙቀቷ የማይቻል፣ የሰሊጥና የማሽላ ከተማ። ልጅ ሳለሁ በከሰል ግድግዳ ላይ የማልሞነጭረው ጎረቤት አልነበረም። አፍንጫው ትልቅ ከሆነ ተራራ፣ ቦርጫም ከሆነ እንስራ አደርገዋለሁ። ሰፈሩ ይስቃል፣ የተሳለው ሰው ለእናቴ ይከሳል፣ እኔ እገረፋለሁ። የመጀመሪያ ክሴ መሆኑ ነው እንግዲህ!

ለትምህርት ጎንደር ስገባ ደብረ ብርሃን ሥላሴን አይቼ ፈዝዤ ቀረሁ። ሰው ሁሉ ጣሪያው ላይ ያሉትን መላእክት ሲያይ እኔን የያዙኝ ግን ክፉዎቹ ናቸው። በጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ስዕል ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ያያችኋል፤ ክፉ ሰው በጎን ስለሚሳል አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ፊደል ያልቆጠረውም ምእመን ማን ማን እንደሆነ ባንዴ ይለያል። ካርቱን ማለት እኮ ይኸው ነው! ለነገሩ ያገራችን ሰው ለሽሙጥ እንግዳ አይደለም። አለቃ ገብረ ሐና ያለ እርሳስ፣ በቃል ብቻ፣ ስንቱን ትልቅ ሰው ስለውታል።

እንጀራው

የፕሬስ አዋጅ ቁጥር 34/1985 ወጥቶ ቅድመ ምርመራ ሲቀር የግል ጋዜጦች እንደ አሸን ፈሉ። እኔም አዲስ አበባ ገብቼ አንድ ሳምንታዊ ጋዜጣ ላይ በስዕል ሂሳብ እየተከፈለኝ ጀመርኩ። ስራው እንዲህ ነው። የሳምንቱን ወሬ አነባለሁ፣ ሶስት ሃሳብ በእርሳስ አወጣለሁ፣ አዘጋጁ ሁለቱን ይጥላል፣ የተረፈውን በጥቁር ቀለም እጨርሳለሁ። ስዕሉ ከአምስት ቃል በላይ ማብራሪያ ከፈለገ አልተሳካም ማለት ነው።

ተረትና ምሳሌ ባይኖር ኖሮ በረሃብ አልቄ ነበር። «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» ሲባል አህያውም ጅቡም ተዘጋጅተው ይጠብቁኛል። የኔ ድርሻ ማን አህያ፣ ማን ጅብ እንደሆነ መወሰን ብቻ ነው። በ2014 ዓ.ም ዘይት ጣራ ሲነካ ደግሞ ሽማግሌዎች ለጥሎሽ ባለ አምስት ሊትር ዘይት ተሸክመው ሲገቡ ሳልኩ። የሙሽሪት አባት ምንም ሳይናገሩ ከመቀመጫቸው ይነሳሉ።

እናቴ «ልጄ፣ ሰማይ አይታረስ ንጉስ አይከሰስ» ትለኛለች። አልተሳሳተችም። ፈረንሳዊው ዶሚየ ንጉሱን ሆዳም አድርጎ በመሳሉ እ.ኤ.አ. በ1832 ስድስት ወር ተፈርዶበታል። የሶሪያው ዓሊ ፈርዛት በ2011 ደማስቆ ውስጥ ተደብድቦ ጣቶቹ ተሰብረዋል። እኛም አገር ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ብዙ ጋዜጦች ተዘግተዋል፣ ጋዜጠኞች ታስረዋል።

ያቺ ስዕል

እኔን እንቅልፍ የነሳችኝ ግን ታናሽ እህቴ ናት።

1995 ዓ.ም ነው። በጉቦ ስሙ የሚነሳ አንድ ኃላፊ ነበር። ሰውዬው ያነክሳል። ሰዓቱ ደርሶ ሌላ ሃሳብ ሲጠፋኝ የተጣመመ እግሩን አግንኜ ሳልኩት። አንባቢ ሳቀ፣ አዘጋጁም ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረገኝ።

ለፋሲካ ሳንጃ ስወርድ ስዕሏ ቀድማኝ ደርሳለች፤ ስኳር ተጠቅልሎባት! እህቴ ወረቀቷን በእጇ አስተካክላ አስቀምጣታለች። እህቴን በልጅነቷ ልምሻ አንድ እግሯን ይዟታል።

«ወንድም ጋሼ፣ የሰውዬው ጥፋት እግሩ ነው ወይ?» አለችኝ።

ምን ልበላት?

«ልጆቹ ከኋላዬ እያነከሱ ሲከተሉኝ ድንጋይ አንስተህ ታባርርልኝ ነበር። አሁን አንተ ሳልክላቸው» ብላ ቡናዋን መቁላት ቀጠለች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

አዲስ አበባ ተመልሼ ያንኑ ሰው እንደገና ሳልኩት። እግሩ ጠረጴዛ ስር ስለሆነ አይታይም፤ የጠረጴዛው መሳቢያ ግን አፉን ከፍቶ ባለጉዳይ ይጠብቃል። እንደ ፊተኛው አልተሳቀም። ሰውዬው ግን በማግስቱ ስልክ ደውሎ ጮኸብኝ። በእግሩ ጊዜ አልደወለም ነበር! ለካ እግሩን ስስል ጥፋቱን ደብቄለት ኖሯል።

ለእናንተ ለወጣቶቹ

ዛሬ ጋዜጣው ተመናምኗል። ኒውዮርክ ታይምስ እንኳ በ2019 የፖለቲካ ካርቱን ከዓለም አቀፍ እትሙ አስወጥቷል። እናንተ ግን በስልካችሁ ስላችሁ በደቂቃ ሺህ ሰው ጋ ታደርሳላችሁ። እኔ ሳምንት ነበረኝ፤ እናንተ ለማሰቢያ አንድ ሌሊት እንኳ የላችሁም። ስለዚህ ከመልቀቃችሁ በፊት ይህችን ብቻ ጠይቁ፦ የሳልኩት ሰውዬው የሰራውን ነው ወይስ የተፈጠረበትን? የሰራውን ከሆነ አትፍሩ፣ ልቀቁት። የተፈጠረበትን ከሆነ ቅደዱት፤ ያቺ ወረቀት ስኳር ተጠቅልሎባት የማን ቤት እንደምትገባ አታውቁምና።

እህቴ ስዕሏን እስካሁን አልጣለቻትም። ሳንጃ በወረድኩ ቁጥር ከሳጥኗ አውጥታ ታሳየኛለች። አሁን አሁን አብረን እንስቃለን፤ በኔ!

ቸር ይግጠመን።