ጫማው ለከርሞ፤ ልጁ ለዛሬ

ልጅ ማሳደግ ከባድ ነው ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበው የቀለቡ፣ የልብሱና የትምህርቱ ወጪ ነው። ወጪውስ እውነት ነው፤ ነገር ግን ወላጅን ከወጪው ይበልጥ የሚያደክም ሌላ ነገር መኖሩን በቅርቡ ከልጆች ጋራ አንድ ቀን ውለን ተረድተናል። ይኸውም ልጅ ዕለት ዕለት ሲያድግ ወላጁ በአሳብ ወደ ኋላ መቅረቱ ነው። ወላጅ ለልጁ ጫማ ሲገዛ የከርሞውን እግር አስቦ ነው፤ ሲያናግረው ግን የአምናውን ልጅ ነው።

ባለፈው ታኅሣሥ ወር እኅታችንን ለመጠየቅ ወደ ሽንዲ ሄደን ነበር። ሽንዲ በምዕራብ ጎጃም የወንበርማ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። አገሩ በቆሎና በርበሬ የሚበቅልበት ስለ ሆነ በዚያ ወር የመጣ እንግዳ በየደጁ የተሰጣውን ቀይ በርበሬ እያየና እያስነጠሰ ያልፋል። የእኅታችን ባለቤት ከከተማው ዳር ጥቂት መሬት ያርሳል። ልጆቻቸው ሦስት ሲሆኑ ታላቁ 14፣ ልጅቱ 10፣ ትንሹ 6 ዓመታቸው ነው።

ታላቁ በዕድሜው ስምንተኛ ክፍል ሊሆን ይገባው ነበር። ዳሩ ግን ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ስለ ቆዩ እንደ ሌሎቹ ብዙ ልጆች እርሱም ዓመት ባከነበት። ስለዚህ ክፍሉ ስድስተኛ፣ የጫማው ቁጥር ግን አርባ ሆኗል። በቤት ውስጥ የሚነሣበት ታዲያ ክፍሉ እንጂ ጫማው አይደለም። በትልልቅ ሰዎች ጨዋታ መካከል አንድ ቃል ጣል ያደረገ እንደ ሆነ፣ «አንተ የስድስተኛ ክፍል ልጅ፣ ዝም በል!» ይባላል።

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» እንዲሉ፣ ልጆቹ ለበዓሉ የሚለብሱትንና የሚጫሙትን ቡሬ ወርደው እንደሚገዙ ተስፋ የተሰጣቸው ገና በመስቀል ነበር። አባትዮው በርበሬውን ትቶ ለመሄድ ስላልተመቸው፣ አንድ ቅዳሜ ማለዳ እናትና ሦስት ልጆች፣ እኛም አጃቢ ሆነን ተነሣን።

ከልጆች ጋራ ጉዞ መውጣት ምን እንደሚመስል የሞከረው ያውቀዋል። ልጅቱ ሹሩባዋ አላማረኝም ብላ ሁለት ጊዜ አስፈታች። የትንሹ አንድ እግር ጫማ ጠፍቶ ቤቱ ሁሉ ከተተረማመሰ በኋላ ዶሮዋ ከምትታቀፍበት ቅርጫት ሥር ተገኘ። ታላቁ ግን ዶሮ ሲጮኽ ተነሥቶ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀን ነበር። ለእርሱ «ጎሽ» ያለው ሰው አልነበረም፤ የማያስቸግር ልጅ አይታይምና።

ሚኒባሱ ዘንድ ስንደርስ እኅታችን ዋጋውን ከመጠየቋ በፊት ሹፌሩን፣ «መንገዱ ሰላም ነው ወይ?» አለችው። «እስካሁን ሰላም ነው» ብሎ መለሰ። ይህ ጥያቄና ይህ መልስ ዛሬ በዚያ አገር እንደ ሰላምታ የተለመደ ሆኗል። መኪናው ጥቂት እንደ ሄደ ትንሹ ሽንቱ መጣበት፤ ወረደ። እንደገና ጥቂት እንደ ሄድን፣ ሎሚ እያሸተተ እንኳ፣ ጧት የጠጣውን ወተት በሙሉ ሱሪያችን ላይ መለሰው። ሱሪው ዲግሪያችንን የተቀበልንበት ነበር። ተሳፋሪው ሁሉ «አይዞህ» ሲል ለሱሪው ሳይሆን ለልጁ ነበር፤ የሚገባም ነው።

ቡሬ ሦስት መንገድ የሚገናኝባት ከተማ ናት። አንዱ በፍኖተ ሰላምና በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ አዲስ አበባ፣ ሁለተኛው በእንጅባራ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር፣ ሦስተኛው ደግሞ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምቴ ይሄዳል። በመናኸሪያው ረዳቶቹ «ፍኖተ ሰላም! ፍኖተ ሰላም!» እያሉ ሲጣሩ ልጅቱ የስሙን ትርጉም ጠየቀችን። እኛም የተማረ ሰው ወግ ደረሰን ብለን ማስረዳት ጀመርን። ከተማይቱ ቀድሞ ውጀት ትባል እንደ ነበር፤ ፍኖተ ሰላም የተባለችው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን መሆኑን፤ ፍኖት በግእዝ መንገድ ማለት ስለ ሆነ ስሙ «የሰላም መንገድ» ተብሎ እንደሚተረጐም፤ የጣሊያን ጦርም በየካቲት 1933 ዓ.ም. ቡሬን ለቆ እንደ ወጣ አብራራን።

ትንሹ ሁሉንም ሲሰማ ቆይቶ፣ «ታዲያ የሰላም መንገድ ከሆነ እማዬ ሹፌሩን ለምን ጠየቀችው?» አለ።

እኅታችን ወደ እኛ፣ እኛም ወደ መሬት ተመለከትን። በመጨረሻ ብስኩት ተገዝቶለት ዝም አለ። በብስኩት የተዘጋ ጥያቄ ግን እንደ ተመለሰ አይቈጠርም።

ከጫማ ቤቱ ስንገባ ዋናው ክርክር ተነሣ። ታላቁ ቁጥር አርባን ለክቶ፣ ተራምዶ፣ «እማዬ፣ ይሄ ልኬ ነው» አለ።

«ልክ የሆነ ጫማ ለከርሞ አይደርስም። አርባ ሁለት ስጠን» አለች ለባለ ሱቁ።

«እንደ ጀልባ ሰፋኝ እኮ!»

«ጫፉ ላይ ጨርቅ ትጠቀጥቅበታለህ። እኔ በየዓመቱ የምበትነው ብር የለኝም።»

እናትየዋ አልተሳሳተችም። ብሩን ከመቀነቷ ስትፈታ እጅዋ እንዴት እንደ ቀሰሰ ላየ ሰው ፍርዱ ቀላል አይሆንም። ልጁም አልተሳሳተም፤ ጓደኞቹ በሚያዩት በዓል ላይ ጨርቅ በጠቀጠቀ ጫማ መራመድ ለ14 ዓመት ልጅ ቀላል ውርደት አይደለም። አርባ ሁለቱ ተገዛ። ከዚያ በኋላ ልጁ በ2013 ዓ.ም. የተመረቀውን የፊቤላን የዘይት ፋብሪካ ከውጭ እንኳ ሆኖ ለማየት ጠየቀ፤ ጊዜ የለንም ተባለ። መንገድ ለማሻገር እጁን ብንይዘው፣ «ጋሼ፣ ልቀቀኝ፤ ሰው ያየናል» ብሎ መነጨቀን። እኛም ልጁ ባለጌ መሆን ጀመረ ብለን በልባችን ፈረድን።

እኅታችን በልጅቱ ቀሚስ ዋጋ ስትከራከር ታላቁ ከአጠገባችን ጠፋ። በደኅናው ዘመን ቢሆን «ይመጣል» ብላ ቀሚሷን ትገዛ ነበር፤ አሁን ግን ፊቷ አመድ መሰለ። ሁለቱን ልጆች ለባለ ሱቋ አደራ ሰጥተን እርስዋ በአንድ በኩል፣ እኛ በሌላው በኩል ሮጥን። ግማሽ ሰዓት ያህል ፈልገን ያገኘነው ከበርበሬ ተራ ነው። ከአንድ ጆንያ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ነጋዴውን ዋጋ እየጠየቀ፣ በአዲሱ ጫማ ካርቶን ክዳን ላይ በእስክሪብቶ ይጽፋል። እናቱ ልትመታው እጅዋን አንሥታ ሰው ስላያት መለሰችው። እርሱ ያለው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «ለአባባ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ከሁለት ቀን በፊት አንድ ነጋዴ ቤት ድረስ መጥቶ ለበርበሬው ዋጋ ሲቈርጥ ልጁ ከበሩ ኋላ ሆኖ ሰምቷል። አባቱ ሊስማማ እንደ ነበረም ገብቶታል።

ማታ ቤት ስንደርስ አባትየው የመጥፋቱን ወሬ ሰምቶ ተቈጣ፤ መቈጣቱም ተገቢ ነበር። ልጁ ቁጣው እስኪበርድ ጠብቆ የካርቶኑን ክዳን አቀረበ። አባቱ መብራት ዘንድ አስጠግቶ አነበበው።

«ይህ ዋጋ የየትኛው ነው? የነጣው ነው ወይስ የደኅናው ዛላ?»

«የደኅናው። የነጣው ከታች ተጽፏል።»

«የመኪናውስ ኪራይ?»

«ረዳቱን ጠይቄዋለሁ አባባ፤ በጆንያ ነው የሚያስከፍሉት። እሱንም ጽፌዋለሁ።»

አባትየው ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ በኋላ፣ «እስቲ ነገ አብረን እናስላው» አለ። በርበሬው የት እንደ ተሸጠ ሳናይ ተመልሰናል፤ ትርፍ መገኘት አለመገኘቱንም አናውቅም። ነገር ግን «አብረን» የሚለው ቃል በዚያ ቤት ለዚያ ልጅ ሲነገር የሰማነው ያን ማታ ነው።

በገጠሩ ኑሮ የልጅ እድገት ምልክት አለው። መጀመሪያ ጥጃና ግልገል ይጠብቃል፤ ቀጥሎ ከብት ይነዳል፤ ጉልበቱ ሲጠና አባቱ እርፍ ያስጨብጠዋል፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ ሰፈሩ ሁሉ እንደ ሰው ይቈጥረዋል። ይህ ልማድ ስንቱን ልጅ ከትምህርት እንዳስቀረ ስለምናውቅ ይመለስ አንልም። ነገር ግን እርፉን ከልጁ እጅ ስንወስድ በምትኩ ምን አስጨበጥነው? በከተማው ቤት የእድገት ምልክት ሆኖ የቀረው የክፍል ቁጥር ብቻ ነው። ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ እርሱም ቆመ። የልጁ እግርና አእምሮ ግን አልቆሙም።

በኅዳር 1982 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ያወጣው፣ ኢትዮጵያም በአዋጅ ቁጥር 10/1984 ያጸደቀችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በ12ኛው አንቀጹ፣ ልጅ በሚመለከተው ጉዳይ አሳቡን የመግለጽ መብት እንዳለው፣ አሳቡም እንደ ዕድሜውና እንደ ብስለቱ ክብደት እንዲሰጠው ይደነግጋል። ብዙዎቻችን ይህን አንቀጽ ለፈተና አጥንተነዋል፤ በስብሰባም እንጠቅሰዋለን። ከታናሽ ወንድማችን ጋራ ማዕድ ስንቀርብ ግን «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» በሚለው ተረት እንተካዋለን። ተረቱ የጥንት ሰዎች ጥበብ መሆኑን አንክድም፤ ሆኖም ልጁ ማቡካቱን ሳያዩ ራት አይበቃም ማለት ጥበብ አይደለም።

ይህ ማለት ልጅ የፈለገውን ሁሉ ያድርግ ማለት አይደለም። ሳይናገር መጥፋቱ ጥፋት ነበር፤ ተነግሮታልም። ግን እኛስ ፋብሪካውን ልይ ሲል፣ ጫማው ሰፋኝ ሲል፣ እጄን ልቀቁኝ ሲል መች ሰማነው? ሦስት ጊዜ ተናግሮ ያልተሰማ ልጅ በአራተኛው ሳይናገር ቢሄድ ጥፋቱን ልንካፈለው ይገባናል። ከአሥራ ሁለትና ከአሥራ ሦስት ዓመት በላይ የሆነ ልጅ ባለበት ቤት ሁሉ ከቤቱ ጉዳይ አንዱን፣ ትንሽም ቢሆን፣ ከልጁ ጋራ መምከር ይጠቅማል ብለን እናምናለን። ወጪ የለውም፤ የሚጠይቀው ጥቂት ትዕግሥት ብቻ ነው።

ከሽንዲ በተነሣንበት ማለዳ ታላቁ ልጅ ሳንጠይቀው ሻንጣችንን ተሸክሞ እስከ ሚኒባሱ ሸኘን። ያደረገው ያንኑ አርባ ሁለት ቁጥር ጫማ ነበር፤ በተራመደ ቁጥር ተረከዙ ጧ ጧ ይላል። እናቱ ከደጃፍ ሆና፣ «ቀስ በል፣ እንዳትወድቅ!» ስትል ሰማናት። አባትየው ግን ከበርበሬው ስጥ ቀና ብሎ፣ «ቶሎ ተመለስ፤ ሒሳቡን አልጨረስንም» አለው። ልጁም ሻንጣውን አስረክቦን፣ ጫማው እየጮኸ፣ ወደ ቤቱ ሮጠ።