ስለ ተዋጊ አውራ ዶሮ፤ አመሉን ስለ ማወቅና ጉዳቱን ስለ መከላከል

አውራ ዶሮ ሰው ወጋ ተብሎ ለዳኛ ወይም ለአስተዳዳሪ አቤቱታ ሲቀርብ የሚሰማው ሁሉ አስቀድሞ ይሥቃል። ስለ በሬና ስለ ውሻ የቀረበ ክስ በጥንቃቄ ሲመረመር፥ የዶሮ ነገር ግን እንደ ጨዋታ ይቆጠርና ባለጉዳዮቹ «ታረቁ» ተብለው ይሰናበታሉ። ሆኖም አውራ ዶሮ ዘሎ በሚወጋበት ጊዜ ጥፍሩ የሚያርፈው በትልቅ ሰው ላይ በቅልጥም፥ በሁለትና በሦስት ዓመት ሕፃን ላይ ግን በፊትና በዓይን መሆኑን ያሰበ ሰው አይሥቅም። ትልቅ ሰውም ቢሆን ከአደጋው ውጭ አይደለም። በአውስትራልያ በአዴላይድ ዩኒቨርሲቲ የአስከሬን ምርመራ ሊቅ የሆኑት ሮጀር ባያርድ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2019 ባሳተሙት ጽሑፍ ተካፍለው እንዳስረዱት፥ በዕድሜ የገፉ አንዲት ሴት በግቢያቸው እንቁላል ሲሰበስቡ አውራ ዶሮ እግራቸውን ነክሶ ያበጠውን የደም ሥር ስለ በሳው ደማቸው ፈስሶ ሞተዋል። እንዲህ ያለው አጋጣሚ እጅግ ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ነገሩ የሚናቅ አለመሆኑን ያሳያል።

አውራ ዶሮ የሚዋጋው ክፉ ስለ ሆነ አይደለም። የዶሮ ዘር መነሻ በደቡብ ምሥራቅ እስያ ጫካ የሚኖረው ቀይ የዱር ዶሮ ነው። በዚያ ጫካ የአውራው ሥራ እንስቶቹን ከጭልፊትና ከአውሬ መጠበቅ፥ ሌላውንም አውራ ከመንጋው ማራቅ ነበር። ዶሮ ወደ ኢትዮጵያ ከገባ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ በትግራይ መዝብር በተባለው ስፍራ በተደረገ ቍፋሮ የተገኘው የዶሮ አጥንት ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ820 እስከ 595 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ እንደሚቆጠር ሊቃውንት ገምተዋል። ዘመኑ ይህን ያህል ቢረዝምም የአውራው ሥራ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ቦታው ብቻ ነው። ጫካው ጠብቦ ግቢ ሆኗል፤ በግቢውም ውስጥ ከእርሱ ጋራ የሚኖረው ሌላ አውራ ሳይሆን ሰው ነው። ስለዚህ ውሃ ልትቀዳ የወጣችውን ልጅ ወይም በበር የገባውን እንግዳ እንደ ተቀናቃኝ ቆጥሮ ይነሣበታል።

የዚህ ጠባይ ምንጭ በደሙ ውስጥ እንደ ሆነ ከታወቀ ብዙ ጊዜ ነው። በጀርመን አገር በጌቲንገን ከተማ አርኖልድ በርቶልድ የተባሉት ሊቅ በ1849 ባሳተሙት ጽሑፍ እንዳስረዱት የጎረምሳ አውራዎችን የዘር ፍሬ አወጡ። ፍሬው ጨርሶ የወጣባቸው አልጮኹም፥ አልተዋጉም፥ በራሳቸው ላይ ያለውም ቀይ ሥጋ አነሰ። ፍሬው ተመልሶ በሆዳቸው ውስጥ የተተከለላቸው ግን እንደ ማንኛውም አውራ ጮኹ፥ ተዋጉም። ከዚህ የተነሣ አንዳንድ ሰው «እንደ ሰንጋ በሬ ይኰላሽ» ይላል። ይህ ግን ለግቢ ዶሮ የሚመከር አይደለም፤ የዶሮ የዘር ፍሬ በሆዱ ውስጥ ከጀርባ አጥንቱ ሥር ስለ ሆነ፥ ሥራውን ያልተማረ ሰው የጀመረው እንደ ሆነ ዶሮውን ከመግደል አያልፍም።

አውራው ጠብ የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ከአምስትና ከስድስት ወር ዕድሜው በኋላ፥ ድምፁ በሚጎላበት ጊዜ ነው። ትናንት ከእጅ እህል ሲለቅም የነበረው ዛሬ ተነሥቶ ቢወጋ ባለቤቱ ይደነቃል፤ ነገር ግን ይልቁንም ከሰው እጅ ብቻውን ያደገው፥ ከመንጋ ጋራ ያልኖረው ጫጩት ሰውን የማይፈራ ስለሚሆን በኋላ የባሰ ተዋጊ ይሆናል። በልጆች እየተባረረና በድንጋይ እየተመታ ያደገውም እንደዚሁ ነው። በዶሮ መንጋ ውስጥ ማን ማንን እንደሚነክስ የታወቀ ማዕረግ አለ፤ ይህንንም የኖርዌው ቶርላይፍ ሼልደሩፕ ኤቤ በ1921 ጽፈውታል። በጃፓን አገርም ሊቃውንት በ2015 እንዳሳተሙት፥ በማለዳ አስቀድሞ የሚጮኸው በማዕረግ የበላይ የሆነው አውራ ሲሆን ሌሎቹ የእርሱን ድምፅ ጠብቀው በየተራቸው ይከተላሉ። ሰው የግቢው ባለቤት ነኝ ብሎ ቢያስብም፥ አውራው በዚህ ማዕረግ ውስጥ ከበታቹ ሊያገባው የሚሞክር መሆኑን ማወቅ ይጠቅማል።

ውጊያው በድንገት የመጣ ቢመስልም ምልክት አለው። አውራው አንድ ክንፉን ወደ መሬት ዝቅ አድርጎ በጎን በጎን እየተራመደ ሰውን ይዞራል፤ ለእንስት ሲያደርገው ማባበል ነው፥ ለሰው ሲያደርገው ግን መገዳደር ነው። የአንገቱን ላባ ያቆማል፤ አንገቱን ዘርግቶ ባንድ ዓይኑ አተኩሮ ይመለከታል፤ እህል በሌለበት መሬቱን ይጭራል፥ የሚለቅምም ይመስላል። ከዚህ በኋላ ሁለት እግሩን አስቀድሞ ይዘላል። ይህን ምልክት ለልጆች አስቀድሞ ማሳየት ከብዙ መድኃኒት ይሻላል።

በዚያን ጊዜ ሰው የሚሠራው ስሕተት ሁለት ነው። አንደኛው ሸሽቶ መሮጥ ነው፤ አውራው ድል ያደረገ ይመስለዋልና በማግስቱ ጨክኖ ይመለሳል። ሁለተኛው በርግጫ ወይም በዱላ መምታት ነው፤ ይህን ብዙ ሰው እንደ ትክክለኛ ቅጣት ይቆጥረዋል፥ ዶሮው ግን ቅጣት መሆኑን አያውቅም፤ ተቀናቃኙ ውጊያውን ተቀበለ ብሎ ይበረታል፥ ወይም እግሩ ይሰበርና የባለቤቱ ገንዘብ ይጠፋል። ትክክለኛው ነገር ቀጥ ብሎ መቆም፥ ፊትን ወደ ዶሮው ማድረግ፥ ሰፌድ ወይም መጥረጊያ በመካከል እንደ ጋሻ ይዞ ሳይመቱ ቀስ ብሎ ወደ ፊት መራመድ ነው። አውራው ፊቱን አዙሮ ሲሄድ ወይም ራሱን ዝቅ አድርጎ ወደ መልቀም ሲመለስ ሰውም ያን ጊዜ መንገዱን ይቀጥል። ጀርባ አዙሮ መሄድ የሚገባው ከዚህ በኋላ ብቻ ነው።

አመሉን ለማለዘብ የሚሻለው ጊዜ ሌሊት ነው። ዶሮ በጨለማ አጥርቶ ስለማያይ በቆጥ ላይ ሳለ ያለ ትግል ይያዛል። ሁለቱን ክንፎች በክንድ ሥር አድርጎ፥ እግሩን በእጅ ይዞ፥ ደረቱን ሳይጫኑ ጸጥ እስኪል ድረስ ጥቂት ደቂቃ ይዞ መቆየት፥ ይህንንም ለብዙ ቀን መደጋገም ብዙውን ጎረምሳ አውራ ያለዝባል። በዚያው ጊዜ ከእግሩ በስተኋላ የበቀለውን ሹል ጥፍር ጫፉን ብቻ በሞረድ ማደንዘዝ ይቻላል። ከሥሩ መቍረጥ ግን አይገባም፤ በውስጡ አጥንትና ደም አለበትና።

ይህ ሁሉ ተደርጎ አሁንም ሰው የሚወጋ ከሆነ ከግቢው ሊወገድ ይገባል። በዚህ ላይ ባለቤቶች ብዙ ያመነታሉ። በገበያ አውራ ዶሮ የሚገመተው በላባው ቀለምና በራሱ ላይ ባለው ቀይ ሥጋ ዓይነት ነው፤ ቀይ፥ ገብስማ ወይም ነጭ መሆኑ፥ ቀይ ሥጋውም ድርብ መሆኑ ዋጋውን ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ መልኩ ያማረ አውራ ጠባዩ ቢከፋም «ለፋሲካ ይቆይ» ይባላል፤ እስከ ፋሲካ ድረስም መንጋውን ያስረግዛል። ጠባይ በከፊል ከዘር የሚወረስ ስለ ሆነ፥ በሚቀጥለው ዓመት ግቢው በልጆቹ ይሞላል። እንቁላል ለመብላት ብቻ የሚፈልግ ሰው አውራ ፈጽሞ አያሻውም፤ እንስት ያለ አውራ እንቁላል ትጥላለች። ጫጩት የሚፈልግም ቢሆን ለዐሥር እንስት አንድ አውራ ይበቃዋል። ተዋጊው ከተለየ በኋላ እንኳ እንስቶቹ እስከ ሁለት ሳምንትና ከዚያም በላይ የእርሱን ዘር በሆዳቸው ይዘው ስለሚቆዩ፥ የአዲሱን አውራ ዘር የሚሻ ሰው የመጀመሪያውን ሦስት ሳምንት እንቁላል ለምግብ ያውል እንጂ አያስታቅፍ።

የተወጋ ሰው ሲገኝ ቁስሉ ጠባብ ሆኖ ጥልቅ ስለሚሆን ከላይ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። የዶሮው ጥፍር ዘወትር በአፈርና በኩስ ላይ የሚረግጥ ነው፤ ቲታነስ የሚባለውም መንጋጋ የሚቈልፍ በሽታ ዘሩ የሚኖረው በአፈርና በእበት ውስጥ ነው። ስለዚህ ቁስሉን በሚፈስስ ውሃና በሳሙና ደኅና አድርጎ ማጠብ፥ አመድም ሆነ ቡና በላዩ አለመነስነስ፥ ከዚያም ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ክትባቱ በጊዜው መሆኑን ማስመርመር ይገባል። ዓይን አጠገብ የተወጋ ሕፃን ግን ቁስሉ ትንሽም ቢሆን ሳይውል ሳያድር ለሐኪም ይታይ።

ጉዳዩ ወደ ወረዳ ወይም ወደ ቀበሌ የመጣ እንደ ሆነ ሹሙ የሚመራበት ሕግ አለ። በ1952 ዓ. ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ እንስሳው በአጋጣሚ ከቁጥጥሩ ያመለጠ፥ ጉዳቱም አስቀድሞ ያልታሰበ ቢሆን እንኳ። ሕጉ በሬንና ዶሮን አይለይም። ስለዚህ «ዶሮ ነው፥ ምን ላድርገው» የሚል መልስ ባለቤቱን ነጻ አያወጣውም። ግቢውን ለብዙ ቤተ ሰብ ያከራየ ሰው ይልቁንም ሊጠነቀቅ ይገባዋል፤ የተከራዮች ልጆች በአንድ ደጅ ይጫወታሉና አውራውን በአጥር ለይቶ ማኖር ለእርሱ ከሚደርስበት ወጪ የቀለለ ነው። በቁጥር 2074 ደግሞ የቤት እንስሳ ባለቤት እንስሳውን ለተጎዳው ሰው በመልቀቅ ከኃላፊነቱ ሊድን እንደሚችል ተጽፏል፤ ነገር ግን ይህ መንገድ ባለቤቱ ራሱ ጥፋት ላላደረገበት ጉዳት ብቻ ነው። ስለዚህ ሹሙ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው፥ ይህ አውራ ከዚህ በፊት ሰው ወግቶ እንደ ሆነና ባለቤቱም ያን ጊዜ ተነግሮት እንደ ነበር ነው።