ንብ ነድፋ ለምን ትሞታለች?

ንብ ያለው ገበሬ ሁሉ ይህን ያውቃል። ቀፎ የነካ ይነደፋል፤ የነደፈችው ንብም ብዙ ሳትቆይ ትሞታለች። የሠራተኛ ንብ መንደፊያ ወደ ኋላ የዞሩ ጥርሶች አሉት። በሰው ወይም በከብት ቆዳ ውስጥ ከገባ አይወጣም። ንቧ ስትበር ከሆድ ዕቃዋ ጋር ተቦጭቆ ይቀራል። ታዲያ መሞቷ ምን ይጠቅማል?

አስቀድመን የቀፎውን ቤተሰብ እንመልከት። አውራ ስንል ወንድ ይመስለናል። ነገር ግን አውራዋ ሴት ናት፤ እንቁላል የምትጥለው እናት እሷ ናት። ወንዶቹ ድንጉላዎች ናቸው። አበባ የሚቀስሙት፣ ቀፎ የሚጠብቁትና የሚናደፉት ሠራተኞች ሁሉ ሴቶች ናቸው። የአውራዋ ልጆች ስለ ሆኑ እርስ በርሳቸው እኅትማማቾች ናቸው። ራሳቸው ግን ብዙውን ጊዜ አይወልዱም።

እዚህ ላይ ጥያቄ ይነሳል። ከደህና ላም ደህና ጊደር ይገኛል። የማትወልድ ንብ ግን ጠባይዋን ለማን ታወርሳለች? ዳርዊን የተባለ እንግሊዛዊ ሊቅ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1859 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ጥያቄ አንስቶ በከብት ምሳሌ መልሷል። አንድ ከብት ታርዶ ሥጋው መልካም ሆኖ ቢገኝ፣ አርቢው የዚያኑ ከብት ዘመዶች ያረባል። የታረደው ባይወልድም ጠባዩ በዘመዶቹ በኩል ይቀጥላል። በ1964 ደግሞ ሀሚልተን የተባለ ሌላ እንግሊዛዊ ነገሩን በሂሳብ አስረዳ።

ሐሳቡ ይህ ነው። ዘመዳሞች ከአንድ ምንጭ የወረሱት የጋራ ዘር አላቸው። ዝምድናው ሲቀርብ የጋራው ዘር ይበዛል፤ ሲርቅ ያንሳል። አንዲት ንብ ሞታ እናቷና በሺህ የሚቆጠሩ እኅቶቿ ቢድኑ፣ የጋራ ዘራቸው ይተርፋል። ከእኅቶቿም አንዳንዶቹ አውራ ሆነው ይወልዳሉ፤ ጠባዩም በእነሱ በኩል ይተላለፋል። ንቧ ይህን አስባ፣ አስልታ አይደለም። ቤቱን የጠበቀ ቀፎ ተርፎ ተራባ፤ ያልጠበቀው ጠፋ። እንዲህ እየሆነ በብዙ ዘመን ጠባዩ ጸና።

ይህን ማወቅ ለሥራችንም ይጠቅመናል። የተቦጨቀው መንደፊያ በቆዳችን ላይ ቀርቶም መርዙን መግፋት አያቆምም። ሽታም ያወጣል፤ ሽታው ሌሎቹን ንቦች ለጠብ ይጠራል። ስለዚህ ስንነደፍ መንደፊያውን ወዲያው በጥፍር ጠርገን እናውጣ፤ ከቀፎውም ፈቀቅ እንበል። ጭስ ያንን ሽታ ይሸፍናል፤ ቀፎ ከመክፈታችን በፊት ማጨስ የሚበጀው ለዚህ ነው።

ማር ለመቁረጥ ብሎ ንቡን በእሳት የሚፈጅ ግን እናቲቱንም እጮቹንም አብሮ ያጠፋል። የዛሬውን ማር ይበላ ይሆናል፤ የከርሞውን ከየት ያመጣል? በጭስ ገለል እናድርጋቸው፤ ለራሳቸውም የሚበሉት ማር እንተውላቸው።