ብግነትና ኑሮን መጥላት

ፋው እ.ኤ.አ. በ1985 ከድርቅና ከጦርነት የሸሹ ኢትዮጵያውያን የተጠለሉባት የምሥራቅ ሱዳን ከተማ ናት። የምትገኝበት የገዳሪፍ ግዛት ካላዛር ክፉኛ ከሚያጠቃቸው የሱዳን አካባቢዎች አንዱ ነው፤ በሽታው ከድንበሩ ወዲህም መተማና ሁመራ ሰሊጥ ለማረምና ለማጨድ ከደጋ የሚወርደውን የቀን ሠራተኛ ይይዛል። በተሰነጣጠቀው ጥቁር አፈር የምትራባው የአሸዋ ዝንብ ሌሊት ደጅ የተኛውን ትነድፋለች። ትኩሳቱ ለሳምንታት አይለቅም፣ ጣፊያ አብጦ ከግራ ጎድን በታች ይወርዳል፣ ሰውነት ይመነምናል። እንዲህ የታመመ ሰው እህል ሲያስጠላው፣ ከሰው ሲሸሽና «መኖር መረረኝ» ሲል፣ ድህነቱና ናፍቆቱ ነው እንላለን። ከምሬቱ ከፊሉን ግን የገዛ ሰውነቱ የበሽታ መከላከያ ሊያመጣው ይችላል።

ጀርም ሲገባ የመከላከያ ሕዋሳት ሳይቶካይን የተባሉ ኬሚካሎችን ይለቃሉ፤ ብግነት የሚቀሰቀሰው በእነዚህ ነው። መልእክታቸው አንጎል ሲደርስ ድካምና ድባቴ ይከተላል፤ ሴሮቶኒን የተባለው የአንጎል ኬሚካል የሚሠራበት ትሪፕቶፋንም ከፊሉ አቅጣጫ ቀይሮ የነርቭ ሕዋሳትን ከልክ በላይ የሚያነቃቃ ኩዊኖሊኒክ አሲድ ይሆናል። የስዊድን ተመራማሪዎች ራሳቸውን ለማጥፋት ሞክረው በተረፉ ሰዎች የአከርካሪ ፈሳሽ ውስጥ ይህ አሲድ በዝቶ አግኝተዋል። በዴንማርክም ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን መዝገብ እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 2011 የመረመረ ጥናት፣ በኢንፌክሽን ሆስፒታል ተኝተው በታከሙት ላይ ራስን የማጥፋት አደጋ በ42 በመቶ ከፍ ማለቱን አሳይቷል። ሆስፒታል የተኛ ሰው ሌላም መከራ አለበት፣ ሁሉን በብግነት ማሳበብ አይገባም የሚል ሰው እውነት አለው። ኢንተርፌሮን ግን ጥርጣሬውን ያጠብበዋል። ራሱ ሳይቶካይን የሆነው ይህ መድኃኒት ለሄፓታይተስ ሲ ሲሰጥ ከሦስት ታካሚ አንዱ ገደማ በድባቴ ይያዝ ነበር፤ ራሳቸውን ስለ ማጥፋት እስከ ማሰብ የደረሱም ነበሩ። ሕመሙም ኑሮውም የቀድሞው ነው፤ አዲሱ ነገር መርፌው ነበር።

አገሩንና ቤተሰቡን ላጣ ስደተኛ ስለ ደም ኬሚካል ማውራት ግፉን ማቃለል ነው የሚለው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል። ሆኖም የዘለቀ ጭንቀትና ጥቃት ራሳቸው ብግነትን ከፍ ያደርጋሉ፤ ሐዘኑን ከሥጋው ነጥሎ ማየት የሚያዋጣ አይመስለኝም። መድኃኒቱም ገና ነው፦ እ.ኤ.አ. በ2013 ኢንፍሊክሲማብ የተባለ ፀረ ብግነት በድባቴ ታማሚዎች ላይ ሲሞከር በጥቅሉ አልረዳም፤ የተሻላቸው የሚመስሉት ብግነታቸው ከፍ ያለው ብቻ ነበሩ። ከታመሙት አብዛኞቹም ሞትን አይመኙም። አሁን በእጃችን ያለው መጠየቅ ነው። የካላዛር መርፌ 17 ቀን ይሰጣል፤ ነርሷ በየቀኑ ትኩሳት ስትለካ «ወንድሜ፣ መኖር አስጠልቶህ ያውቃል?» ብትለው ሐሳቡን አትተክልበትም፤ «አዎ» ካለም ብቻውን ሳይተውት ወደ አእምሮ ሕክምና የሚያደርሰው ሰው ያገኛል።