ሃኮኔ፤ ፍል ውሃው ከሚጨስበት ተራራ

የቶኪዮ ሰው ሥራ በዝቶበት ትከሻው ሲከብደው ቶሎ የሚታሰበው ፍል ውሃ ነው። ለዚህም ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገውም፤ ሺንጁኩ ከተባለው ትልቅ የባቡር ጣቢያ ተነሥቶ ወደ ደቡብ ምዕራብ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ከተጓዘ ሃኮኔ ከሚባለው ተራራማ አገር ግርጌ ይደርሳል። እኔም ቅጠሉ በሚቀላበት በኅዳር ወር፣ አንድ ቅዳሜ ጧት፣ ከሕዝቡ ጋር ተሰልፌ ተሳፈርሁ። በባቡሩ ውስጥ የነበሩት ሁሉ፣ ሽማግሌዎቹም ተማሪዎቹም፣ ገና ከተማው ሳያልቅ የምግብ ሣጥናቸውን ከፍተው ይበሉ ጀመር። (አንባቢ እንዳይሳሳት፣ በዚህ ጽሑፍ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ባቡሩ የሚቆምበት ሰፈር ዩሞቶ ይባላል፤ ትርጓሜው «የፍል ውሃ መነሻ» ማለት ነው። በመንገዱ ዳር የተደረደሩት ሱቆች ጣፋጭ ዳቦና የአገሩን የእንጨት ሥራ ይሸጣሉ። ይህ የእንጨት ሥራ ሳይታይ አይታለፍም። የተፈጥሮ ቀለማቸው ልዩ ልዩ የሆነ እንጨቶች ተሰንጥቀው በመልክ በመልካቸው ይገጣጠማሉ፤ ከዚያም በመላጊያ እንደ ወረቀት ሳስተው ይላጉና በሣጥን ላይ ይለጠፋሉ። ቀለም የሚባል አይነካቸውም። ከሣጥኖቹም አንዳንዶቹ ጎናቸውን በተወሰነ ተራ እያንሸራተቱ ካልሆነ በቀር አይከፈቱም። አንዱን ለመክፈት ስታገል ባለሱቁ በትሕትና ፊቱን አዞረልኝ፤ የሳቀ ይመስለኛል።

ከዩሞቶ ወደ ላይ የሚወጣው ሌላ ትንሽ ባቡር ነው። መንገዱ 8.9 ኪሎ ሜትር ብቻ ሲሆን ለመውጣት ግን 40 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። በ1919 የተከፈተው ይህ ሐዲድ ጥርስ ያለው መንኰራኵር ሳይጨመርለት በየ1000 ሜትሩ እስከ 80 ሜትር ከፍ ይላል። ገደሉ ከሁሉ በሚብስበት ቦታ መሐንዲሶቹ ሐዲዱን እንደ መብረቅ አጣጥፈው ዘርግተውታል። ባቡሩ እስከ ጫፍ ሄዶ ይቆማል፤ ነጂውና ትኬት ተቆጣጣሪው ወርደው ሰላምታ እየተለዋወጡ ቦታ ይቀያየራሉ፤ ከዚያም የኋላው ፊት ይሆንና ጉዞው ወደ ላይ ይቀጥላል። እንዲህ ያለው መገለባበጥ ሦስት ጊዜ ይደረጋል። በጠባቡ ኩርባ ላይ ብረት ከብረት ተፋጭቶ እንዳያልቅ ባቡሩ ውሃ ይረጫል፤ በዘይት ቢሆን ኖሮ መንኰራኵሩ ተንሸራቶ ሁላችንንም ቁልቁል በወሰደን ነበር።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ እያለ ተራራው አንድ ጊዜ ሐዲዱን ጠራርጎት ነበር። ጥቅምት 12 ቀን 2019 በደረሰው ታላቅ አውሎ ነፋስ ምክንያት በሃኮኔ በአንድ ቀን ብቻ 922.5 ሚሊ ሜትር ዝናብ ወረደ። ይህም በጃፓን በአንድ ቀን ከተለካው ዝናብ ሁሉ የበለጠ ሲሆን አዲስ አበባ በዓመት ከምታገኘው ብዙ የሚያንስ አይደለም። ጎርፉ ድልድይና ሐዲድ ይዞ ሄደ፤ ባቡሩም እስከ ሐምሌ 2020 ድረስ ዘጠኝ ወር ቆመ።

በመንገዱ መካከል ሚያኖሺታ በተባለው ሰፈር በ1878 የተከፈተው ፉጂያ ሆቴል ይታያል። ቻርሊ ቻፕሊን ያረፈበት ነው ይባልልኛል፤ ዋጋውን ስሰማ ግን ከውጭ አይቼው ማለፉን መረጥሁ። የባቡሩ መጨረሻ ጎራ ይባላል። አጋጣሚ ነው እንጂ ስሙ ከእኛው ቃል አልተወሰደም፤ ቢሆንም ቦታው እውነተኛ ጎራ ስለሆነ ስሙን ለማስታወስ አልተቸገርሁም። ከዚያ በገመድ በሚሳብ ባቡር፣ ቀጥሎም በሽቦ ገመድ ላይ በተንጠለጠለ ሣጥን ወደ ላይ ይወጣል።

ሣጥኑ የተራራውን ጫፍ እንዳለፈ ጫካው በድንገት ያልቃል። ከእግራችን በታች አመድና ቢጫ ዲን የለበሰ ገደል ተዘርግቶ ከየስንጥቁ ነጭ እንፋሎት ይፈነዳል። ሲያወሩ የነበሩት ልጆች ሳይቀሩ ዝም አሉ። ቦታው ኦዋኩዳኒ፣ ማለት «ታላቁ የሚፈላ ሸለቆ» ይባላል። ከባሕር ወለል በላይ 1044 ሜትር ላይ ይገኛል። የቀድሞ ስሙ ግን ሲኦል ነበር፤ በ1870ዎቹ ንጉሠ ነገሥት ሜይጂ ለጉብኝት ሲመጡ፣ ንጉሥን ወደ ሲኦል መጋበዝ ነውር ነውና ስሙ ተለወጠ። ሽታው ግን አልተለወጠም። የልብና የመተንፈሻ ሕመም ያለበት ሰው እንዳይገባ የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ በየቦታው ተሰቅሏል።

ሰው ሁሉ እዚህ የሚሰለፈው ጥቁር ዕንቁላል ለመግዛት ነው። ዕንቁላሉ ተራ የዶሮ ዕንቁላል ነው። በፍል ውሃው ውስጥ ሲቀቀል በውሃው ውስጥ ያለው ብረት በቅርፊቱ ላይ ይያዛል፤ ከዲኑ ጋዝ ጋር ሲገናኝም እንደ ከሰል ይጠቁራል። ውስጡ ያው ነጭና ቢጫ ነው። አንድ የበላ ሰው ዕድሜው በሰባት ዓመት ይረዝማል ይላሉ። እኔ ሁለት በላሁ፤ ሦስተኛውን በጡረታ ሕግ ላይ ችግር እንዳይፈጥር ተውሁት።

በዚህ ቀልድ ሥር ግን የሚያስጨንቅ ነገር አለ። በግንቦት 2015 ምድሪቱ በትንንሹ መንቀጥቀጥ ስትጀምር ባለሥልጣኖች ሸለቆውን ዘጉት። በሰኔ መጨረሻም እንፋሎቱ መሬቱን ሰንጥቆ አመድ ረጨ። ፍንዳታው ትንሽ ነበር፤ ሰው አልሞተም። ነገር ግን ተንጠልጣዩ መንገድ በሙሉ እንደገና የተከፈተው በሐምሌ 2016 ነው፤ እስከዚያው ድረስ በእንግዳ የሚተዳደረው አገር ገበያው ቀዘቀዘ። ችግሩ ይህ ብቻ አልነበረም። በሰንጎኩሃራና በጎራ ለሚገኙ ብዙ የእንግዳ ማረፊያዎች የሚሄደው ፍል ውሃ የሚዘጋጀው በዚሁ ሸለቆ ነው፤ ከመሬት የሚወጣው እንፋሎት ከምንጭ ውሃ ጋር ይቀላቀልና በቧንቧ ቁልቁል ይወርዳል። ቧንቧው በየጊዜው ካልተጠረገ በዝቃጭ ይደፈናል። ስለዚህ ጎብኚ እንዳይገባ በተከለከለበት ወራት ጥቂት ሠራተኞች ፈቃድ እያገኙ፣ የጋዝ መከላከያ ለብሰው፣ ወደዚያ ጢስ ይገቡ ነበር። እኛ ዕንቁላል ስንልጥ ቆመን የምናየው ጢስ ያው ነው።

ከኦዋኩዳኒ ቁልቁል ሲወርዱ አሺ የተባለው ሐይቅ ይጠብቃል። የዛሬ 3000 ዓመት ገደማ የተራራው ጎን ተንዶ ወንዙን ሲዘጋው የተፈጠረ ሐይቅ ነው። በላዩ የሚመላለሱት መርከቦች የድሮ የባሕር ወንበዴ መርከብ መስለው የተሠሩ ናቸው፤ ልጆች ይወዷቸዋል፣ ለእኔ ግን እንዲህ ላለ ጸጥተኛ ውሃ የሚገባ ጌጥ አልመሰለኝም። ከቀዩ የመቅደስ በር በላይ የፉጂ ተራራ ይታያል ብለውኝ ነበር። ደመናው ለአምስት ደቂቃ ያህል ተገልጦ ነጩን ራሱን አየሁት፤ መልሶም ሸፈነው።

መርከቡ ከሚያራግፍበት ወደብ አጠገብ የሃኮኔ ኬላ አለ። ጊዜ ያነሰው ጎብኚ አብዛኛውን ጊዜ ይተወዋል፤ እኔ እንደሆነ ከሁሉ ይልቅ እዚህ ቆየሁ።

ዛሬ ቶኪዮ የምትባለው ከተማ ያን ጊዜ ኤዶ ስትባል፣ አገሩን የሚገዙት የቶኩጋዋ ሹማምንት መሳፍንቱን ሁሉ በተራ በከተማይቱ እንዲቀመጡ፣ ሚስቶቻቸውንና ወራሾቻቸውን ደግሞ እንደ መያዣ በዚያው እንዲተዉ አስገድደዋቸው ነበር። ሚስት ተደብቃ ከወጣች ባልዋ ለማመፅ ተነሥቷል ማለት ነው። ስለዚህ በ1619 በዚህ ጠባብ ቦታ፣ በሐይቁና በተራራው መካከል፣ ኬላ ተተከለ። ጠባቂዎቹ በተለይ የሚፈልጉት ሁለት ነገር እንደነበር በአገሩ አባባል ሲነገር «የሚገባ ጠመንጃና የሚወጣ ሴት» ይባላል። በሩ ጎሕ ሲቀድ ተከፍቶ ፀሐይ ስትጠልቅ ይዘጋል። ሴት መንገደኛ የይለፍ ወረቀት ይዛ ካልመጣች አታልፍም፤ ወረቀት ብትይዝም እንኳ መልኳ ከተጻፈው ጋር መስማማቱን ለማየት ለዚሁ የተመደበች ሴት ጠጕሯን ሳይቀር ፈትታ ትመረምራታለች።

በ1702 ታማ የምትባል ልጃገረድ ከዚህ ሕግ ጋር ተጋጨች። መሳፍንትን የሚያውቃት ሰው አልነበረም፤ የኢዙ ገበሬ ልጅ ሆና በኤዶ በአገልጋይነት የተቀጠረች ነበረች። ናፍቆት አሸንፏት ወደ ወላጆቿ ስትኰበልል የይለፍ ወረቀት ስላልነበራት ኬላውን በተራራው ዞራ ልታልፍ ሞከረች። ተያዘች፤ ተፈርዶባትም ተገደለች። ከኬላው ራቅ ብሎ በአሮጌው መንገድ አጠገብ ያለው ትንሽ ኩሬ እስከ ዛሬ በስሟ ይጠራል። ኬላው በ1869 ተሻረ፤ አሁን የሚታዩት ጥቁር የእንጨት ቤቶች ከድሮ የግንባታ መዝገብ ላይ ተቀድተው በ2007 እንደገና ተሠርተው ያለቁ ናቸው። እኔ በቆምሁበት ሰዓት አርባ የሚያህሉ የትምህርት ቤት ልጃገረዶች በበሩ ውስጥ እየተሳሳቁ ገቡ፣ ወጡ፣ ተመልሰውም ገቡ።

በዚሁ በሐይቁ ዳር ዓመት በዓመት ጥር 2 ቀን የሚጮኸው ሕዝብ ሌላ ነው። ከቶኪዮ ተነሥተው እየተቀባበሉ የሚሮጡት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የመጀመሪያ ቀናቸውን የሚጨርሱት እዚህ ነው፤ በማግሥቱ ይመለሳሉ። ውድድሩ የተጀመረው በ1920 ሲሆን ደርሶ መልሱ 217.1 ኪሎ ሜትር ነው። ተራራውን የሚወጣው አምስተኛው ሯጭ ነው፤ እርሱ የደከመ እንደሆነ የጓደኞቹ ሁሉ ድካም ከእርሱ ጋር ይወድቃል። አንድ የሱቅ ባለቤት ኢትዮጵያዊ መሆኔን ሲያውቁ «አበበ!» ብለው እጄን ጨበጡኝ። አበበ ቢቂላ በቶኪዮ የሮጠው በ1964 ነው፤ ሰውየው ግን ትላንት ያዩት ይመስሉ ነበር።

ማታውን ያደርሁት በሰንጎኩሃራ፣ ብርማ ሣር ከሞላበት ሜዳ አጠገብ በሚገኝ ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ ነው። ጫማዬን በር ላይ አውልቄ፣ የጥጥ ቀሚስ ተሰጥቶኝ ለበስሁ። የቤቱ እመቤት አይተው ደነገጡና መጥተው አስተካከሉልኝ፤ የቀኙን ጎን በላይ ማድረግ ለሬሳ ነው የሚደረገው።

ሁለተኛው ስሕተቴ በፍል ውሃው ቤት ሆነ። ሥርዓቱ ለሚያውቀው ቀላል ነው። ወንድና ሴት ለየብቻ ይገባሉ፤ ልብስ ሁሉ ይወልቃል፤ በአነስተኛ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ገላን በሳሙና አጥበው፣ አለቅልቀው ከጨረሱ በኋላ ብቻ ወደ ገንዳው ይገባል። ገንዳው መታጠቢያ ሳይሆን መቀመጫ ነው። እኔ ይህን ሁሉ ፈጽሜ፣ ነገር ግን በአፍረት ምክንያት ትንሿን ፎጣ እንደታጠቅሁ ውሃው ውስጥ ገባሁ። ከማዶ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ምንም ሳይናገሩ የራሳቸውን ፎጣ አጥፈው በራሳቸው ላይ አስቀመጡ፣ ወደ እኔም ተመለከቱ። ወዲያው ገባኝ፤ እንደ እርሳቸው አደረግሁ። ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ዐይናቸውን ጨፈኑ።

ውሃው እንደ ወተት ነጭ ነው፤ ዲን ዲን ይሸታል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ እመቤቲቱ በእራት ሰዓት ውሃው ከየት እንደሚመጣ ጠየቅኋቸው። በእጃቸው ወደ ጨለማው ተራራ አመለከቱና፣ በ2015 ቧንቧው ጠብ ማለት ያቆመባቸው ቀናት እንደነበሩ፣ እንግዳም ባይኖር ገንዳውን በየማለዳው ይጠርጉ እንደነበር ነገሩኝ። «እንደገና ቢፈነዳስ ወዴት ይሄዳሉ?» አልኋቸው። ሩዝ እየጨመሩልኝ ሳቁ፤ ነገ ጧት ከቁርስ በፊት አንድ ጊዜ ብገባ ውሃው ከሁሉ የሚጥመው በዚያ ሰዓት እንደሆነ መከሩኝ። ገባሁም።