ናሙና ይዘትና የአዲስ ድረ ገጽ ግንባታ

በዎርድፕሬስ የተሠራ አዲስ ድረ ገጽ ገና ሲከፈት ለአንባቢ የሚታየው «ሄሎ ወርልድ» የሚል አጭር ጽሑፍ፣ አንድ የናሙና ገጽና አንድ አስተያየት ብቻ ነው። በዚህ ብቻ ረጅም ጽሑፍ በስልክ ላይ እንዴት እንደሚነበብ፣ ሥዕል የሌለው ጽሑፍ ሥዕል ካለው ጎን ሲቀመጥ ምን እንደሚመስል ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ ሠሪው መሙያ ጽሑፍ ይጽፋል፤ ለሚቀጥለው ሥራም ያንኑ ከባዶ ይጀምራል። ይህን ድካም የሚያስቀረው አንድ ጊዜ ተዘጋጅቶ በየሥራው የሚጫን ናሙና ይዘት ነው።

ጽሑፎቹ፣ ገጾቹና ምድቦቹ በአንድ የሙከራ ድረ ገጽ ላይ ይዘጋጃሉ። ዎርድፕሬስ እነዚህን በአንድ የኤክስኤምኤል ፋይል ያወጣል፤ በአዲሱ ድረ ገጽ ላይ ደግሞ የማስገቢያው ፕለጊን (ተጨማሪ ፕሮግራም) ያንኑ ፋይል ተቀብሎ ሁሉንም በየቦታው ያኖራል። ፋይሉ የሥዕሎቹን አድራሻ እንጂ ሥዕሎቹን አይዝም። በመሆኑም የሙከራው ድረ ገጽ ከኢንተርኔት ላይ ከተነሳ ሥዕሎቹ አይመጡም። ቴም (የድረ ገጹን መልክ የሚወስነው ንድፍ)፣ ፕለጊንና የድረ ገጹ ቅንብርም በዚህ ፋይል አይተላለፉም።

ዋናው ጉዳይ ናሙናው በምን ቋንቋ ተጻፈ የሚለው ነው። በዓለም ዙሪያ የተለመደው መሙያ «ሎረም ኢፕሰም» የሚባለው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ45 ዓመት ሲሴሮ ከጻፈው መጽሐፍ ተቆራርጦ የተወሰደ ላቲን ነው። ለአማርኛ ድረ ገጽ ግን ይህ ጽሑፍ የንድፉን ጉድለት ይደብቃል። ለላቲን የተመረጠ የፊደል ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ የግዕዝ ፊደላት የሉትም፤ በዚያ ጊዜ ስልኩ ወይም ኮምፒውተሩ የራሱን ፊደል ይተካና መልኩ ከታሰበው ይርቃል። ርዕስን በትልልቅ የላቲን ሆሄያት አጉልቶ የሚያሳይ ቴም በአማርኛ ያ ጉልህነት ይጠፋበታል፤ ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የሚባል ልዩነት የለውምና። የጽሑፉ የድር አድራሻም ይፈተናል። ዎርድፕሬስ ከርዕሱ የሚያወጣው አድራሻ እስከ 200 ምልክት ብቻ ይይዛል፤ አንድ የግዕዝ ፊደል ደግሞ ወደ አድራሻ ሲለወጥ 9 ምልክት ይፈጃል። ስለዚህ ከ22 ፊደል ገደማ የሚያልፍ ርዕስ አድራሻው ላይ ተቆርጦ ይቀራል። ይህ ሁሉ የሚታየው ናሙናው አማርኛ ሲሆን ነው።

ስለዚህ በናሙናው ውስጥ በጣም ረጅምና በጣም አጭር ርዕስ፣ ሠንጠረዥ፣ ጥቅስ፣ የቆመና የተጋደመ ሥዕል፣ አራት ነጥብና ድርብ ሰረዝ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር የተቀላቀሉ አማርኛና ላቲን ሊኖሩ ይገባል። ሥዕሎቹ የሠሪው የራሱ ወይም በነፃ የተፈቀዱ ይሁኑ።

«ስለ እኛ»፣ «አድራሻ» እና የግላዊነት መመሪያን የመሳሰሉ ገጾች የስም ቦታቸው ክፍት ሆኖ በሌላ ፋይል ቢቀመጡ ይሻላል። እነዚህ ተሞልተው የሚቀሩ፣ ሌሎቹ የሚጠፉ ናቸውና።

ለማጥፋት የሚበጀው ዘዴ ፋይሉ ሲገባ የሚጠፉትን ሁሉ ለዚሁ በተከፈተ አንድ ተጠቃሚ ስም ማስመዝገብ ነው። ሥራው ሲያልቅ ተጠቃሚው ይሰረዛል፤ ዎርድፕሬስም ይዘቱ አብሮ ይጥፋ ወይስ ለሌላ ይተላለፍ ብሎ ይጠይቃል። ምድቦችና የምናሌ ዝርዝሮች ግን በእጅ መሰረዝ አለባቸው። በግንባታው ወቅት የመፈለጊያ ሞተሮች እንዳይመዘግቡ የተደረገው ምልክትም የሚነሳው በዚሁ ጊዜ ነው፤ ካልተነሳ አዲሱን ድረ ገጽ በጉግል ፈልጎ የሚያገኘው አንባቢ አይኖርም።