ጋርዴኒያ፦ የቡና ነጭ ዘመድ

ጋርዴኒያን በመትከያ ያሳደገ ሰው ምሬቱ አያልቅም። ትናንት በእምቡጥ ተሞልታ የነበረች ተክል ከመስኮት ወደ በረንዳ ስትዛወር፣ ወይም ውኃ ሲበዛባት፣ እምቡጦቿን ሳታፈነዳ ታረግፋለች። ሲፈነዱም ነጩን አበባ ጣት ከነካው ብዙም ሳይቆይ ይጠይማል። በዚህ የተነሳ ሞልቃቃ የሚል ስም ወጥቶላታል። እኔ ግን ያለ ቦታዋ ተተክላ ነው ባይ ነኝ።

የጋርዴኒያ ወገን ከመቶ በላይ ዝርያዎች አሉት። ሞቃታማው አፍሪካና እስያ፣ ማዳጋስካር፣ ሰሜን አውስትራሊያና የፓስፊክ ደሴቶች አገሩ ናቸው። አብዛኞቹ ቁጥቋጦ ወይም ትንንሽ ዛፎች ሲሆኑ ከቡና ጋር አንድ ቤተሰብ ናቸው። ከፋ ወይም ጅማ የቡና አበባ የፈነዳበትን ሰሞን የሚያውቅ ሰው ዝምድናው አያስገርመውም፤ ነጩም አበባ፣ የሚያውደውም ሽታ፣ አንጸባራቂውም ቅጠል አንድ ዘር መሆናቸውን ይናገራሉ። ጋርዴኒያ የምትለይበት ግን አላት። የቅርንጫፏ ጫፍ ላይ አዲሱ ቡቃያ በስስ ሽፋን ተጠቅልሎ፣ ብዙ ጊዜም በሚያጣብቅ ቢጫ ሙጫ ተለስኖ ይወጣል።

በየአበባ መሸጫው የምትታወቀው የምሥራቅ እስያዋ ዝርያ ናት። መርከቦች በደቡብ አፍሪካ ጫፍ፣ በኬፕ በኩል ወደ እንግሊዝ ስላመጧት የዚያ አገር ተወላጅ መስላቸው “የኬፕ ጃስሚን” አሏት፤ ጃስሚንም አይደለችም፣ የኬፕም አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1761 አካባቢ ጆን ኤሊስ የተባለው የተፈጥሮ ተመራማሪ በወዳጁ በዶክተር አሌክሳንደር ጋርደን ስም ሰየማት። ጋርደን በደቡብ ካሮላይና፣ ቻርልስተን ይኖር የነበረ ስኮትላንዳዊ ሐኪም ነው። ተክሏን አላገኛትም፤ ስሙን ብቻ አበደራት።

የምትፈልገው ብዙ አይደለም፣ ግን አትደራደርበትም፦ አሲዳማ አፈር፣ እርጥበት ያለው አየር፣ ደማቅ ብርሃን። አፈሩ አሲድ ሲያንሰው ሥሯ ብረት መሳብ ስለሚያቅተው ቅጠሏ ቢጫ ይሆናል፤ ደም ሥሩ ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል። እምቡጥ ለመቋጠርም ከ15 እስከ 18 ዲግሪ የሚወርድ ሌሊት ይስማማታል። ማሞቂያ የማይጠፋበት ሳሎን ውስጥ ብታኮርፍ ምን ይገርማል?

ሰው ሁሉ ስለ ሽታዋ ሲያወራ ፍሬዋ ይረሳል። ብርቱካናማ፣ ጎድጓዳ መስመሮች ያሉት ፍሬ ነው። ውስጡ ያለው ቀለም ክሮሲን ይባላል፤ ውዱን ሳፍሮን ቢጫ የሚያደርገውም እሱው ነው። ጃፓኖች ለአዲስ ዓመት የሚያቀርቡትን የስኳር ድንችና የቼስትነት ምግብ በዚህ ፍሬ ያቀልሙታል። ከዚሁ ፍሬ ሰማያዊም ይወጣል፤ ጀኒፒን የተባለው ንጥረ ነገር ከአሚኖ አሲድ ጋር ሲገናኝ ወደ ሰማያዊ ይለወጣል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ይህን ቀለም ለምግብ የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2025 ነው። ድርብርብ አበባ ያላቸው የአትክልት ቦታ ዓይነቶች ግን አብዛኛውን ጊዜ ፍሬ አይሰጡም፤ ለውበት ተብሎ የተከፈለ ዋጋ ነው።

የታሂቲዋ ቲያሬም ከዚሁ ወገን ናት፤ አበባዋን በኮኮናት ዘይት ዘፍዝፈው ሞኖይ የሚባለውን ቅባት ያወጡባታል። የጃዝ ዘፋኟ ቢሊ ሆሊዴይም በፀጉሯ ላይ ትሰካው የነበረው ጋርዴኒያ ነው።

ከሁሉም የማደላው ለእኛው ቆላ ዝርያ፣ ለጋምቢሎ ነው። ከጋምቤላ እስከ ቤኒሻንጉል ባለው ደን ከአባሎ ዛፍ ጋር ይበቅላል። ቅጠሉ ሦስት ሦስት እየሆነ ይወጣል፤ ቅርንጫፉ አጭርና ድርቅ ያለ ነው። በየበጋው ሰደድ እሳት ሣሩን ጠርጎ ሲሄድ እሱ ቆሞ ይጠብቃል፤ ብዙ ጊዜም የሚያብበው ምድሩ ደርቆ ባለበት ወቅት ነው። አበባው ነጭ ሆኖ ይፈነዳል፣ ወዲያው ወደ ቢጫ ይለወጣል። ቱቦው ረጅም ነው፤ ለሌሊት በራሪ የእሳት ራት ምላስ የተሠራ ነው። ፍሬው ግን እንደ ቡና ለስላሳ አይደለም፤ ግራጫ፣ እንደ እንጨት ጠንካራ ነው። የደቡብ አፍሪካ ዘመዱ ፍሬ ደግሞ በራሱ ስለማይከፈት የሚበላው ካላገኘ ለዓመታት ዛፉ ላይ ይቆያል። ያን ቅርፊት ሰብሮ ዘሩን ወደ ሌላ ቦታ ለማድረስ የዝሆን ወይም የትልልቅ አጋዘን መንጋጋ ያስፈልጋል።